ጢሱ ከወገብ በላይ

አስካለ ወርቁ ትንፋሿን እንደ ክፉ ጎረቤት ታውቀው ነበር፤ በምን እንደሚቆጣ፣ መቼ እንደሚነሣ፣ ስንት ቀን እንደሚያኮርፍ። የገብስ እብቅ ያስቆጣዋል። የአህያ ጠጉር ያስቆጣዋል። የሐምሌ ጉምም እንዲሁ፤ ደረቅ ብርድ ግን ብዙ አይነካውም። ከሁሉ የከፋው ጢስ ነው፤ ከጢስም እርጥብ ቅጠል ሲጨስ የሚወጣው ነጩ። ደረቅ ፍልጥ በሚነድበት ቤት በሩን ተደግፋ ብትቀመጥ ታመሻለች። እርጥብ ጥንጁት ከተጨሰበት ቤት ግን የድስት ውሃ እስኪፈላ እንኳ አትቆይም።

ሲነሣባት መጀመሪያ አገጯ ሥር ያሳክካታል። ቀጥሎ ደረቷ ውስጥ የድመት ግልገል የታሰረ ይመስል ሲር ሲር ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ፈጥና ከተቀመጠች፣ ክርኖቿን ጉልበቷ ላይ ካስደገፈችና ከንፈሯን እንደ ዋሽንት ነፊ አሹላ አየሩን ቀስ አድርጋ ከለቀቀችው ይመለሳል። ያን ካለፈ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፤ ጥፍሯ ይጠቁራል፤ ቃል ከአፏ አይወጣም። በዚያው ዓመት በመስከረም እንዲህ ያለው ይዟት ሦስት ቀን ሳትጋደም ተቀምጣ ስለቆየች፣ የንስሐ አባቷ አባ ገብረ ኢየሱስ መጥተው አናዘዋት ነበር።

እንጀራዋ ማዋለድ ነው። ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ በስተ ምሥራቅ ግማሽ ቀን በሚያስኬደው በወይራ አምባ፣ ከእናቷ ሙያውን ከተረከበች አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። የምትሠራበት መንገድ ከሌላ አዋላጅ ሁሉ የተለየ ነበር። ምጥ ወደተያዘችበት ቤት ስትደርስ ወዲያው አትገባም፤ ከግድግዳው ውጭ ጀርባዋን አስደግፋ ትቀመጣለች። አንዳንዱ ጸሎት የምታደርስ ይመስለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ «አስካለ የምትሰማው ነገር አላት» ይላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ቤት ውስጥ ጢስ አለ፤ ስለዚህ መግባት ያለባት መግባት በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ ነው። ያን ሰዓት ለማወቅ ደግሞ ጆሮዋን አሠለጠነችው። ምጥ ሲጀምር ሴቲቱ ታለቅሳለች፤ ሲጠና ትጮኻለች፤ ልጁ ሊመጣ ሲል ግን ጩኸቱ መሐል ላይ ይቆረጥና ከባድ እንጨት እንደሚያነሣ ሰው ማቃሰት ይተካዋል። አስካለ የምትገባው ማቃሰቱ ሲመጣ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመት የተሳሳተችው አራት ጊዜ ነው፤ አራቱንም ታስታውሳቸዋለች።

ያ በሽታ በወይራ አምባ የገባው በ፲፱፻፲፩ ዓ.ም. በኅዳር መባቻ ነው። ከመካነ ኢየሱስ ገበያ የተመለሰ አንድ ሰው ራሴን አለ፤ በማግሥቱ አፍንጫው ደማ፤ በአራተኛው ቀን ተቀበረ። የቀበሩት ወድቀው ሳይነሡ የእነሱን ቤት ሊጠይቅ የሄደው ወደቀ። በኅዳር ሚካኤል ዕለት ማኅሌት የቆመው አንድ ደብተራ ብቻ ነበር። የደረሰው ገብስ የሚያጭደው ጠፍቶ ጭላዳ እንደ ባለርስት በጠራራ ፀሐይ እየወረደ ይበላው ጀመር።

ሕዝቡ የሚያውቀው መከላከያ ሁለት ነው። አንደኛው በር መዝጋት ነው፤ የታመመ ሰው ነፋስ ከነካው ምች ይመታዋልና። ሁለተኛው ማጨስ ነው። አባ ገብረ ኢየሱስ ክፉ አየር በጢስ ይሸሻል ብለው ስለነገሩት፣ ሰው ሁሉ ጥንጁቱንም ወይራውንም ክትክታውንም እርጥቡን እየቆረጠ በዝግ ቤት ውስጥ ያጨስ ነበር። አስካለ ከግቢዋ ሆና መንደሩን ቁልቁል ስታየው ከሣር ክዳኑ ሁሉ ጢስ ይፈልቃል። ጢስ የማይታይበት ቤት ሁለት ዓይነት ነበር፤ ወይ የሚያነድ ሰው ያላስተረፈ ቤት ነው፣ ወይ የእሷ ቤት ነው።

ወንድሟ ላቀው በኅዳር አሥራ አራት ጧት በቅሎ ጭኖ መጣ። በአራት ዓመት ታናሿ ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ቀደም ብሎ ወደ ሚስቱ አገር ወደ ስማዳ ልኳቸዋል። ከጉና ተራራ ትከሻ ላይ የበጎች በረትና አንዲት ጎጆ አለችው፤ በአካባቢው ሰው የለም፤ ጢስም የለም። እስከ ገና እዚያ እንድትቀመጥ ሲለምናት ሦስት ቀን ሆኖታል። በሁለቱ ቀን እንቢ ብላ በሦስተኛው እሺ ያለችው ፈርታ ሳይሆን አስባ ነው። በሽታው በደህናው ሰው ላይ የሚሠራውን ሳል ሰምታዋለች፤ ሳሉ ደረቷ ላይ ከገባ የመስከረሙን ያህል እንኳ ጊዜ እንደማይሰጣት አውቃለች። ሌላዋ አዋላጅ እማሆይ ወለቱ ከታች ሰፈር አሉ፤ ምጥ ቢመጣ እሳቸው ይበቃሉ አለች። ገብስ ቆሎዋን፣ ማሯንና ከጉና የተለቀመ ጦስኟን በአገልግል አስቀመጠች።

ደሴ አንዳርጌ የመጣው ላቀው የበቅሎዋን ጭነት ሲያጠብቅ ነው። ጎረምሳነቱን ገና ያልጨረሰ ገበሬ ነው፤ ቤቱ ከሸለቆው ማዶ ነው። አጥሩ ጋ ቆመ እንጂ አልገባም፤ ጋቢውን አፉ ላይ ጠቅልሎታል።

«እትዬ አስካለ፣ ማሬ ምጥ ይዟታል» አለ።

አስካለ ወደ እማሆይ ወለቱ እንዲሄድ ነገረችው። ደሴ መሬት መሬት እያየ ከእሳቸው ቤት እንደሚመጣ፣ ትናንት ወደ ማታ እንደተቀበሩ ነገራት።

ላቀው መጫኛውን ሳይለቅ፣ ዞርም ሳይል፣ አስካለ ራሷ በሽተኛ እንደሆነች፣ አገር የሚያውቀው ነገር እንደሆነ፣ በቅሎዋም ያለምክንያት እንዳልተጫነች ተናገረ። ደሴ አልተከራከረም። አጥሩን ይዞ ቆመ፤ የሚከራከር ሰው ቢሆን መመለሱ ይቀል ነበር።

አስካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ትጠይቀው ጀመር። ምጡ የጀመረው መቼ ነው? ዶሮ ሲጮኽ። ውሃው ፈስሷል? ፈስሷል። ትኩሳት አላት? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ፣ ሳልም አላት። ቤት ውስጥ ማን አለ? እናቱ ብቻ። ጢስ አለ?

«እናቴ እንደ ሰው ሁሉ ታጨሳለች» አለ ደሴ።

ማሬን ታውቃታለች። የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ያዋለደቻት እሷ ናት። ልጁ ቶሎ መጥቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከፊተኛው ይፈጥናል። ዶሮ ሲጮኽ ከጀመረ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ይወለዳል፤ ትኩሳቱ አቅም ካሳጣት ግን ምን እንደሚሆን አታውቅም። አስካለ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች። እስከ መጋቢት የሚወልዱ ሴቶችን መቁጠሯ ነበር፤ ማሬ፣ የደምሌ ሚስት፣ የዋለ ልጅ፣ ከወንዙ ወዲያ ያሉት ሁለቱ እኅትማማቾች፣ የአንጥረኛው ሚስት፣ ባሏ ባለፈው ሳምንት የሞተባት የገብሬ ምራት።

«ሰባት ናቸው» አለችው ወንድሟን። «እኔ ብሸሽ ለሰባቱም ሰው የለም። ዛሬ ገብቼ ብሞት ለስድስቱ ሰው የለም።»

«እና?»

«እና ገብቼ አልሞትም።»

ላቀው ሳቀ፤ ደስ ብሎት አልነበረም። «እንዲህ የሚቆረጥ ነገር መሆኑን ሳላውቅ ነው ለካ፣ እታለም። የሞቱትም ያልነገርናቸው ሆኖ ነው።»

«እነሱ ጢሱን ማጥፋት ነውር ይመስላቸው ነበር። እኔ አይመስለኝም።»

ደሴን ቀና ብሎ እንዲያያት አዘዘችው። ሦስት ነገር እንዲያደርግ ነገረችው፤ እንዲደግምላትም አደረገች። እሳቱን በአፈር ያልብሰው፤ በውሃ እንዳያጠፋው፣ በውሃ የጠፋ እሳት ጢሱ እጥፍ ነውና። በሩን ከፍቶ ይተወው፤ መጋረጃም ቁርበትም አይንጠልጠልበት። ከእናቱ በቀር ሰው አይግባ። ሮጦ ቀድሟት ይሂድ፤ እሷ ቀስ ብላ ትደርሳለች። ደሴ ሦስቱን አንዴ ተሳስቶ፣ አንዴ አስተካክሎ ደገማቸውና ቁልቁል ሮጠ።

ላቀው ጭነቱን አወረደ። ኮርቻውን አስተካክሎ እኅቱን አወጣትና ልጓሙን ይዞ ወደ ጉና ሳይሆን ወደ ሸለቆው መራት። ምሳሩን ከኮርቻው ሥር ሻጠ፤ ለምን እንደያዘው ስትጠይቀው ራሱም እንዳላወቀ ነገራት። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስቆመችው። ደክሟት ሳይሆን፣ ሳይደክማት ማረፍ ስለነበረባት ነው። የደከመው ደረት ጢስ ላይ ከገባ እንደማይመለስ፣ ያረፈው ግን ጥቂት እንደሚታገሥ ከብዙ ጊዜ ተምራለች።

ከደሴ ቤት ሲደርሱ አስካለ ከበቅሎዋ ሳትወርድ ነገሩ መበላሸቱን አየች። ክዳኑ ነጭ ጢስ ይተፋል። በሩ ላይ ቁርበት ተንጠልጥሏል። ደሴ ግቢው መሐል ቆሟል፤ እጁ አፈር በአፈር ነው።

እንደ ሆነው ሁሉ ነገራት። እሳቱን በአፈር አልብሶት ነበር። እናቱ እሜቴ ትጓደድ ግን ከሌላ ቤት ሰው እንደሚመጣ ሲሰሙ የሰው በሽታ ይዞ እንዳይገባ ብለው፣ በሸክላ ላይ ፍም አድርገው፣ ደጃፉ ጋ እርጥብ ጥንጁት አጨሱ። እሷን ሊቀበሉ ነው ያጨሱት።

እሜቴ ትጓደድ ድምፅ ሰምተው ቁርበቱን ገለጥ አድርገው ወጡ። ዓይናቸው በጢሱ ቀልቷል። ሁለት ልጆቻቸውን በዚያ ሳምንት ቀብረዋል፤ የቀራቸው ደሴ ብቻ ነው። አስካለ እጅ ነስታ ሰላም ካለች በኋላ ጢሱ እንዲወጣ ለመነቻቸው። እሜቴም የአራስ ደጅ ተከፍቶ አይተው እንደማያውቁ፣ ማሬ ላብ በላብ እንደሆነች፣ ነፋስ ቢነካት ምች እንደሚመታት ነግረው፣ ያን ጊዜም ተጠያቂው ማን እንደሆነ ጠየቋት።

«እኔ ነኝ» አለች አስካለ። «ግን ጢሱ ካልወጣ እኔ አልገባም። ከገባሁ ሁለት ሬሳ ታወጣላችሁ።»

«እናትሽ ጢስ ውስጥ አልነበር ያዋለደችው? እኔን ጢስ ውስጥ አልነበር ያዋለደችኝ? ያንቺ ምን የተለየ ደረት ነው?»

«ክፉ ደረት ነው፣ እሜቴ። አልመረጥሁትም።»

አሮጊቷ ተመልሰው ገቡ፤ ቁርበቱም ወደቀ። አስካለ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ላቀው አጠገቧ ቁጢጥ አለና ጉናን በአገጩ አሳያት። ዝም እንዲል በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ታዳምጥ ነበርና።

ማሬ እየጮኸች ነው። በጩኸቱ መሐል ሳል ይገባል፤ ሳሉ ጩኸቱን ሰብሮት ያልፍና እንደገና ይቀጥላል። ጊዜ አለ፣ አለች በልቧ። ደሴ እናቱን ለማግባባት ገብቶ ነበር፤ ድምፁ ሲለምን ይሰማል፤ የእናቱ ድምፅ ይበልጠዋል። ፀሐዩ ከግድግዳው ጥላ አንድ ስንዝር ነጠቀ። ከዚያ ጩኸቱ መሐል ላይ ተቆረጠ።

አስካለ ሳል መስሏት ጠበቀች። ሳል አይደለም። ማቃሰት ነው፤ አጭር፣ ደካማ፣ ግን ማቃሰት። ማሬ እየገፋች ነበር፤ የምትገፋው ግን በግማሽ ትንፋሽ ነው። እንዲህ ያለውን ትንፋሽ አስካለ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ በእሱ ላይ የሚወለድ ልጅ እንደሚዘገይ፣ የዘገየ ልጅም እንደሚታፈን ታውቃለች።

ጢሱ አልወጣም። አልገባም ያለችው ቃልም አፏ ላይ ነው። አስካለ ወደ በሩ ሄዳ ቁርበቱን በእጇ ከፍ አደረገችና ዝቅ ብላ አየች። ያየችውን በሕይወቷ ሁሉ ስታየው ኖራለች፤ እንደ መሣሪያ ግን አስባው አታውቅም። ጢሱ እንደ ጣራ ተንጣልሎ ከወገብ በላይ ቆሟል። ከወገብ በታች፣ ከመሬቱ በጉልበት ያህል፣ የቤቱ ወለል፣ የመደቡ እግር፣ የተደፋው ገንቦ ጥርት ብሎ ይታያል።

ወደ ወንድሟ ዞረች። «ከጣራው ሥር፣ ነፋሱ ከማይመጣበት በኩል ግድግዳውን ክፈተው። ከላይ ነው፤ ከታች አይደለም። ከታች ከከፈትህ ጢሱን ታወርድብኛለህ።»

«ከመግባትሽ በፊት ልክፈተው።»

«ጊዜ የለም።»

ነጠላዋን መቀነቷ ውስጥ ወሸቀች፤ በእጅና በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ራሷን እንደ ውሻ ዝቅ አድርጋ ገባች።

መደቡ ከፍ ያለ ነው፤ የማሬ ራስ ጢሱ ውስጥ ነው። አስካለ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ሳበቻት፤ እሜቴ ትጓደድም ልጅቷን ከመደቡ ልትጥልባቸው መስሏቸው ይዘው አስቀሯት። አስካለ እንደ ምንም ሁለት ቃል ተናገረች። «ከታች አየር።» ከዚያ በኋላ አገጯ ሥር አሳከካት፤ ሲር ሲሩም ጀመረ። አሮጊቷ ማየት ስላልቻሉ ጎንበስ አሉ፤ ጎንበስ ሲሉም የአስካለን ፊት አዩት። ምን እንዳዩበት በኋላ ሲጠየቁ አልተናገሩም። የማሬን ብብት ይዘው ወደ ወለሉ አወረዷት፤ እሳቸውም ተከትለው ተቀመጡና ጀርባዋን ደረታቸው ላይ አስደገፏት።

«እዚህ ታች ሰው ይታያል ለካ» አሉ።

የመጀመሪያው ምሳር ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ አረፈ። እሜቴ ትጓደድ ደንግጠው፣ ሰው በሕይወት ያለበት ቤት ግድግዳ እንደማይፈርስ፣ ለቤቱ መዓት እንደሆነ ከወለሉ ላይ ሆነው ጮኹ። ላቀው ከውጭ፣ በየምሳሩ መሐል መለሰላቸው።

«ግድግዳ ነው፣ እሜቴ። በጭቃ ይመለሳል። እኅቴ በጭቃ አትመለስም።»

አስካለ ከዚህ በኋላ መናገር አልቻለችም። ለምትወልድ ሴት ሁልጊዜ የምትለው ነበራት፤ አሁን ግፊ፣ አሁን ያዥው፣ አይዞሽ ማርያም ትቅረብሽ የሚለው። አንዱም አይወጣላትም። ስለዚህ እጇን የማሬ ጉልበት ላይ አደረገችና መታ መታ አደረገችው። አንድ ጊዜ ስትመታ ግፊ ነው፤ ሁለት ጊዜ ስትመታ ተይው። ማሬ መጀመሪያ አልገባትም። ዓይኗ በትኩሳት ፈዟል። አስካለ ፊቷን ወደ ፊቷ አስጠግታ ከንፈሯን አሾለችና አየሩን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው፤ እንደገናም እንዲሁ። ለራሷ ሲሆን ስንት ዓመት የሠራችው ነው፤ ለሌላ ሰው አሳይታ አታውቅም። ማሬ አየቻትና ከንፈሯን አሾለች። ሁለቱ አፍ ለአፍ ገጥመው፣ አንዷ በሳል አንዷ በሲርታ እየተቆራረጡ፣ እኩል ተነፈሱ። አስካለ አንድ ጊዜ ጉልበቷን መታች። ማሬ ገፋች።

ሦስተኛው ምሳር ማገሩን ቆረጠው፤ ከላይ ብርሃን ገባ። ጢሱ እንደ ከብት መንጋ አንድ በር ሲያገኝ ወደዚያ ተጎተተ። አስካለ ግን ያን ለማየት ጊዜ አልነበራትም። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ እየወጣ ነው፤ የጣቶቿ ጥፍር ሲጠቁር አይታዋለች። ስንት ትንፋሽ እንደሚቀራት ታውቅ ይመስል በልክ ታወጣ ነበር። አንድ ለራሷ፤ አንድ ለማሬ ለማሳየት። አንድ መታች። ሁለት መታች። የልጁ ራስ ወጣ፤ ትከሻው ዘገየ። አስካለ ጣቷን ከብብቱ ሥር አስገብታ አዞረችው፤ አንድ ጊዜ፣ ጠንክራ፣ የማሬን ጉልበት መታች።

ሴት ልጅ ነበረች። አላለቀሰችም። እሜቴ ትጓደድ ማሬን በአንድ ክንዳቸው ይዘው ጎንበስ አሉና የሕፃኗን አፍንጫ በአፋቸው መጠው ተፉት። ልጅቷ ጮኸች። እልል የሚል ሰው አልነበረም፤ ደሴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር። አስካለ እትብቱን አስራ ቆረጠች፤ እንግዴ ልጁ እስኪወጣ ጠበቀች፤ ሙሉ መሆኑን በብርሃኑ ገልብጣ አየች። ይህን ሁሉ ካደረገች በኋላ ነው መሬት ላይ በጎኗ የወደቀችው።

ላቀው ተሸክሟት ወጣ። ግቢው መሐል አስቀመጣት፤ ክርኖቿን ጉልበቷ ላይ አስደገፈላት፤ ከኋላዋ ተቀምጦ ጀርባዋን ያዘ። ምን ማድረግ እንደሌለበት ያውቃል፤ አላናገራትም፣ አልደባበሳትም፣ ውሃ አልደፋባትም። ጥላው ከደጃፉ ተነሥቶ እስከ አጥሩ ሲደርስ ደረቷ ውስጥ ያለው ድምፅ ከሲርታ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጥፍሯ ቀላ።

«ማሬስ?» አለች፤ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ትኩሳቷ እንዳለ ነው። ውሃ ጠጥታለች።»

«ግድግዳው ክፍቱን ይቆይ። እንዳይደፍኑት።»

«ማን ሊደፍነው፣ እኔ አይደለሁ ያፈረስሁት?» አለ ላቀው፤ ዓይኑን ግን በጋቢው ይጠርግ ነበር።

ለአራት ቀን ከመደቧ አልተነሣችም። ላቀውም ጉናን አላነሣም። በእነዚያ ቀናት ሰው እየመጣ አጥሩ ጋ ቆሞ፣ የታመመ ልጅ እንድታይለት፣ የወደቀ ባል እንድታነሣላት ይለምናት ነበር፤ የማሬ ወሬ ዞሮ ሰው ሁሉ መድኃኒት ያላት መስሎታል። አስካለ ሁሉንም እንቢ አለች። ለምጥ የምታውቀው ነገር እንዳላት፣ ለበሽታው ግን እንደሌላት፣ ያላትን ትንፋሽ ለማታውቀው ነገር እንደማታወጣው ነገረቻቸው። የታመመውን ውሃ አጠጡት፣ ጢሱን አስወጡለት፣ ከዚህ በላይ የማውቀው የለም አለቻቸው። አንዳንዱ ረግሟት ሄደ። አንዲት ሴት፣ ትንፋሽ እንደ ጨው የሚሸጥ መሆኑን አላውቅም ነበር ብላ ነገረቻት። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ አስካለ ለረጅም ጊዜ በሩን ስታይ ቆየች።

በአምስተኛው ቀን ደሴ መጣ። ማሬ ላብ አልቧት ትኩሳቱ ለቋታል፤ ጡቷም ወተት ይዟል። የመጣው ግን ለዚያ አይደለም። እናቱ ወድቀዋል፤ ከማሬ ጋር እዚያው ወለሉ ላይ ሲያስታምሙ ሰንብተው ነው የያዛቸው። እሜቴ ትጓደድ ራሳቸው፣ አስካለ እንዳትመጣ ንገራት ብለው ነበር የላኩት። ደሴ ግን መልእክቱን ካደረሰ በኋላ አልሄደም፤ እንደዚያ ቀን አጥሩን ይዞ ቆመ።

አስካለ መሄድ ፈለገች። ከእሜቴ ጋር ወለሉ ላይ የሠሩት ሥራ አለ፤ የማሬን ጀርባ ይዘውላታል። ጣቶቿን አጠፈች፤ ስድስት። ብትሄድ የምታደርግላቸው አጠገባቸው መቀመጥ ብቻ ነው።

«አልመጣም፣ ደሴ» አለችው። «ውሃ በየጊዜው ስጣቸው። ጀርባቸውን ከፍ አድርገህ አስደግፋቸው፣ አይጋደሙ። ወደ ቤት ስትገባ ደግሞ እጅ ነስቼአለሁ በላቸው።»

እሜቴ ትጓደድ በኅዳር ጽዮን ማግሥት ዐረፉ። አስካለ ለቅሶ አልደረሰችም፤ ይህንንም በመንደሩ ብዙ ሰው ይዞባት ኖረ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ ደምሌ ሮጦ መጣ። ገና ከሩቅ ሆኖ መናገር ጀመረ። ሚስቱ ምጥ ይዟታል፤ እሳቱን በአፈር አልብሶታል፤ ቁርበቱን አውርዷል፤ ሚስቱን መሬት ላይ አስቀምጧታል፤ ግድግዳውንም እሷ ሳታዘው ከፍቶታል።

«ከየት በኩል?» አለች አስካለ።

ደምሌ ግራ ገባው። ከደጃፉ ጎን፣ ሰው እንዲያልፍበት አድርጎ፣ ከታች።

አስካለ ነጠላዋን ከግድግዳው አወረደችና መቀነቷን አጠበቀች። ላቀው በቅሎዋን ሊያመጣ ሄዷል።

«የታችኛውን በጭድና በጭቃ ድፈነው» አለችው። «ከጣራው ሥር፣ ነፋሱ ከማይመጣበት በኩል ክፈት። ሮጠህ ሂድ። እኔ እያረፍሁ እመጣለሁ።»